የተውሶ ደም

ሸዋረጋ ከሞት ይልቅ የደም ምርመራን ትፈራ ነበር። የከባድ መኪና ሹፌር የነበረው ባሏ ከስቶ ከስቶ ሲሞት ዘመድ «ሳንባ ነው» ብሎ ቀበረው፤ እሷም ሳንባ ነው ብላ ጁባ ገባች። እዚያው ንያኩሮን የሚባል ሰፈር ምግብ ቤት ከፍታ አራት ዓመት ስትሠራ አንድ ቀን እንኳ አልተመረመረችም። አሁን ግን እህቷ ኩዌት የወጥ ቤት ሥራ አግኝታላታለች፤ ቪዛው ከኤችአይቪ ነፃ ነሽ የሚል ወረቀት ይፈልጋል። ምግብ ቤቱን ገበያ ርቆታል። ናዝሬት የቀሩት ሁለት ልጆቿ ተስፋቸው ይህ ጉዞ ብቻ ነው።

መላውን ያመጣችው አስተናጋጇ ዝማሬ ናት።

«እትዬ፣ የኔን ይውሰዱ! እኔን እንደሆነ ጉንፋን እንኳ አያውቀኝም» አለች እየሳቀች።

ሃያ ሦስት ዓመቷ፣ ጉንጯ የሞላ፤ ማን ይጠረጥራታል? ክሊኒኩ ውስጥ ደም የሚቀዳው ሰውዬ ስም ጠየቀ እንጂ ፓስፖርት አላየም። ዝማሬ «ሸዋረጋ» ብላ ክንዷን ዘረጋች። የኛ ሰው ከጎረቤት እርሾ እንደሚዋሰው ደምም የሚዋስ ይመስለዋል።

ሐሙስ ዕለት ለሸዋረጋ ውጤቱን የነገረቻት ነርስ ቴሬዛ ናት፤ እኛ አገር ኢታንግ ስደተኞች ካምፕ ያደገች፣ አማርኛን እንደኛው የምትናገር። መጀመሪያ በሩን ዘጋች።

«ማሌሽ፣ አዝናለሁ እህቴ። ቫይረሱ ደምሽ ውስጥ አለ። ሁለቴ አይተነዋል። ኩዌት ስትደርሺም ይመረምሩሻል፤ የተገኘበትን ይመልሳሉ። ግን መድኃኒት አለ፣ ትኖሪያለሽ።»

የሸዋረጋ ልብ መጀመሪያ ያለው ምን መሰላችሁ? «ተመስገን፣ የኔ አይደለም!» ለአፍታ ነው፤ ግን ብሏል። ወዲያው ደሙ የማን እንደሆነ ትዝ አላት። ዝም ብላ ሌላ ክሊኒክ የራሷን ደም ብትሰጥ፣ ንጹሕ ሆና ብትገኝና ብትሄድስ? ማን ያውቅባታል? ይህንንም አሰበች፤ አስባም ራሷን ጠላች።

ዝማሬ ውጭ ዛፍ ጥላ ሥር ትጠብቃታለች። የአሠሪዋን ዕንባ ስታይ ሮጣ መጣች።

«ምነው እትዬ፣ ወረቀቱን አበላሹት? ኧረ አያልቅሱ! ሌላ ቦታ ሄጄ ደግሜ እሰጥልዎታለሁ። ደም እንደሆነ ሞልቶኛል።»

ሸዋረጋ ያንኑ የተወጋውን ክንድ ያዘችና ዝማሬን ይዛ ወደ ነርሷ ክፍል ተመለሰች። ወንበሩ ላይ አስቀመጠቻት።

«ስምሽን ንገሪያት» አለቻት፣ የገዛ እጅጌዋን እየሰበሰበች። «የራስሽን ስም። እኔም የራሴን ደም እሰጣለሁ።»