የመጨረሻው ኔናዶቢን

እሁድ ምሳ ላይ ልጇ የተናገረውን ስትሰማ ፋይና ማንኪያዋን አስቀመጠች። ግሌብና እጮኛው ኢንጋ የሚቀጥለው ሐሙስ ጋብቻ ለመመዝገብ ሊሄዱ ነው። እዚያ ሲደርሱ ማን የማንን የቤተሰብ ስም እንደሚይዝ ይጠየቃሉ። ግሌብ የጎመን ሾርባውን እየጠጣ፣ እኔ የኢንጋን ነው የምይዘው፣ ከእንግዲህ ሶኮሎቭ ልባል ነው አለ።

«ጭልፊት ማለት እኮ ነው» አለ እየሳቀ። «በየመንደሩ ሶኮሎቭ ሞልቷል። ስሜ ሲጠራ ማንም ዞሮ አያየኝም። ከዚህ በላይ ምን እፈልጋለሁ?»

የእነሱ ስም ኔናዶቢን ነው። ሩሲያኛ ለሚሰማ ሰው ትርጉሙ አያሻማም፤ የማያስፈልግ፣ ማንም ያልፈለገው ማለት ነው። ግሌብ ትምህርት ቤት ሳለ አስተማሪዋ ስም ስትጠራ እሱ ጋ ስትደርስ ክፍሉ በሳቅ ያውካካ ነበር። ወታደር ቤትም አለቃው «ያ የማያስፈልገው መጥቷል ወይ?» እያለ ይጠራው ነበር። ፋይና ይህን ሁሉ ታውቃለች። ልጇ ከትምህርት ቤት ሲመለስ በር ላይ ቆማ ፊቱን እያየች፣ ዛሬስ ምን ብለውት ይሆን እያለች ነው ያሳደገችው። ስለዚህ ተው ልትለው አፏ አልታዘዘላትም። ግን ባሏ አርሴኒ ከሞተ ወዲህ ይህን ስም በደሙ የተሸከመ ሰው ግሌብ ብቻ ነው። እሷ ያገኘችው አግብታ ነው። ግሌብ ሐሙስ ከተወው ስሙ አርሴኒ መቃብር ላይ ካለው መስቀል በስተቀር የትም አይገኝም።

ኢንጋም ይህንኑ አረጋገጠችላት። ኢንጋ የእንስሳት መድኃኒት ቤት የምትሠራ፣ አንድ ነገር ሳይገባት ከቀረ እንቅልፍ የማይወስዳት ልጅ ናት። ስሙን በስልኳ ብዙ ፈልጋዋለች። ሶኮሎቭ ብላ ስትጽፍ ማለቂያ የሌለው ሕዝብ ይመጣል። ኔናዶቢን ስትል ግን የሚወጣው ግሌብ ብቻ ነው፤ እሱም አሣ የያዘበት ፎቶ።

«ግን እትዬ ፋይና፣ ሰው እንዴት እንዲህ ያለ ስም ለልጁ ያወጣል?» አለቻት ሳህን እያጠቡ። «የሆነ ጊዜ፣ የሆነ ሰው አስቦ ነው እኮ ያወጣው።»

ፋይና አታውቅም። አርሴኒን ስትጠይቀው ስም ስም ነው ብሎ ያልፋት ነበር። እናቱ አግራፌናም በሕይወት ሳለች ከምራቷ ጋር የልብ ወሬ አልነበራትም። ፋይና እጇን በፎጣ እየጠረገች አሰበችና፣ አርሴኒ የተወለደበት መንደር ሎፓቲኖ በአውቶቡስ የሚደረስበት ነው፣ ነገ አብረን ሄደን እንጠይቅ፣ ምንም ካላገኘን የፈለጋችሁትን አድርጉ አለቻት። ግሌብ ተረኛ ስለነበር አልሄደም። ቢያርፍም የሚሄድ አይመስልም ነበር።

አውቶቡሱ ውስጥ ኢንጋ መስኮቱ ጋ ተቀመጠች። ጫካው ማለቅ አቃተው፤ በርች፣ ጥድ፣ እንደገና በርች። ፋይና እዚያ የሚያውቁን ባናገኝስ፣ መመለሻ መኪና ባይኖርስ፣ ዝናብ ቢመጣስ እያለች ቆየች። ከዚያ ኢንጋ ዞር ሳትል መናገር ጀመረች።

«ግሌብ ስሙን የሚተወው ሰው ስለሚስቅበት ነው። እኔ ግን ሳቁ አይደለም የከበደኝ።»

ፋይና ወደ እሷ ዞረች።

«በፀደይ የሆነውን ያውቃሉ።»

ፋይና ታውቃለች። በፀደይ ኢንጋ ያረገዘችው ልጅ ሳይደርስ ወጥቶባታል። ከዚያ ወዲህ ቤት ውስጥ ማንም አንስቶት አያውቅም። ፋይና የዚያን ሰሞን ሾርባ ይዛ ሄዳ፣ ምን እንደምትላት ጠፍቷት፣ ሾርባውን ብቻ አስቀምጣ ተመልሳለች።

«ነገ ሌላ ቢመጣ» አለች ኢንጋ፣ «ያንን ያህል ከፈለግኩት በኋላ፣ ነርሷ መጥታ የማያስፈልገው ልጅ የማን ነው ስትል፣ እኔ የኔ ነው ልበል? አልችልም እትዬ ፋይና። ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

ፋይና ጠጋ አለቻት። የልጅቷን እጅ ያዝ አደረገችው። እንዲህ ከሆነ ምን ልፈልግ ነው የምሄደው፣ ለአንድ ስም ብዬ ልጅቷን ላስጨንቃት ነው ወይ ብላ ከመንገድ መመለስ አማራት። አውቶቡሱ ግን ሎፓቲኖ ደረሰና ሁለቱን አውርዶ ሄደ።

ቀኑ የሱቅ መኪና የሚመጣበት ነበር። መኪናው መሐል መንደር ቆሞ፣ ሴቶች ቅርጫት ይዘው ዳቦና ስኳር ይጠብቃሉ። ፋይና ሰላም ብላ፣ የኔናዶቢኖች ቤት የትኛው እንደሆነ ጠየቀች። ሴቶቹ ተያዩ። አንዷ እንዲህ የሚባል ሰው እዚህ ኖሮ አያውቅም አለች። ሌላዋ ምናልባት ከወንዙ ማዶ ያለው ሌላኛው ሎፓቲኖ ይሆናል አለች። አሮጌ የወታደር ጃኬት የለበሰች ትልቅ ሴትዮ ደግሞ እኔ እዚሁ ተወልጄ እዚሁ አረጀሁ፣ እንዲህ ያለ ስም በጆሮዬ ገብቶ አያውቅም ብላ አማተበች።

ፋይና ከሴቶቹ ፈቀቅ አለች። አርሴኒ ዋሽቷት ይሆን? ከሌላ ቦታ ሸሽቶ የመጣ ሰው ቢሆንስ? ይህን ሁሉ ዓመት ከማን ጋር ነው የኖረችው? ኢንጋ ግን መልስ የለም ሲሏት ይበልጥ የምትጓጓ ልጅ ናት። ስልኳን አውጥታ ያንን ግሌብ አሣ የያዘበትን ፎቶ ለሴቶቹ አሳየች።

ባለ ጃኬቷ መነጽሯን አስተካከለች። «ይሄ ጆሮ» አለች። «ኧረ ይሄ ጆሮ የመስኮቶች ነው!»

«የመስኮቶች ነው እንጂ!» አሉ ሌሎቹም ተጠግተው። «እንደ ጎመን ቅጠል የተዘረጋ!»

«ታዲያ የመስኮቶችን ቤት ፈለግን አትሉም? ኔናዶቢን፣ ኔናዶቢን ትላላችሁ፤ እኛ ፖስተኛ መሰልናችሁ እንዴ?»

ሳቅ ሆነ። እዚህ አገር ሰው ሁለት ስም አለው፤ አንዱ ከተማ ያለ ወረቀት ላይ የሚቀመጥ፣ አንዱ መንደር የሚጠራበት። ባለ ጃኬቷ የራሷን የወረቀት ስም ለመናገር ትንሽ ማሰብ አስፈለጋት። መንደሩ የሚያውቃት ከቅድመ አያቷ ጀምሮ ዝይዎቹ በሚል ነው። ፋይና ከተማ ስለተወለደች ይህ አልታሰባትም። ባሏ በሠላሳ ዓመት ትዳራቸው አንድ ቀን እንኳ እኛ መስኮቶች ነን አላላትም። ለምን መስኮት እንደተባሉ ኢንጋ ስትጠይቅ፣ ሴቶቹ ካፒቶሊና ጋ ሂዱ፣ እሷ ከዚያ ቤት የተወለደች ናት አሏቸው።

ካፒቶሊና የአርሴኒ አባት የአጎት ልጅ ናት። አሮጊት ናት፣ ወገቧ ጎብጧል፤ ግን ድንቿን ራሷ ቆፍራ እያወጣች ነበር ያገኟት። ማን እንደሆኑ ሲነግሯት አልተገረመችም። ከቤት አስገብታ አስቀመጠቻቸው፣ የእንጉዳይ ቂጣ ቆርሳ ፊታቸው አደረገች፣ በቅጠል ያፈላችውን ሻይ ቀዳች። ከዚያ ኢንጋን አገላብጣ አየቻት።

«አንቺ ነሽ ቤታችን የምትገቢው?»

ኢንጋ አዎ አለች። ከዚያም ሳትሸፍን፣ ስሙ እንደከበዳት፣ ግሌብም ሊተወው እንደሆነ፣ ምን ማለት እንደሆነ ለማወቅ እንደመጡ ነገረቻት። ካፒቶሊና ቂጣውን እያኘከች አዳመጠች። መናገር የጀመረችው አኝካ ስትጨርስ ነው።

በአያቷ አያት ጊዜ ነው አለች። በዚያ ቤት ያለች ሴት ትወልዳለች፣ ትቀብራለች፣ ትወልዳለች፣ ትቀብራለች። እንደገና ስትወልድ አዋላጇ ሕፃኑን በበሩ በኩል አላወጣችውም። ይዛው ወደ መስኮቱ ሄደች።

«ሞት በሩን ያውቀዋላ» አለች ካፒቶሊና። «ስንት ትንሽ ሣጥን በዚያ በር ወጥቷል። መስኮቱን ግን አያውቀውም።»

መንገድ ላይ አንዲት የማትታወቅ መንገደኛ እያለፈች ነበር። አዋላጇ ሕፃኑን በመስኮት ለእሷ አቀበለቻት። መንገደኛዋ ታቅፋው ቤቱን ዞረችና በበሩ እንደ እንግዳ ገባች፤ መንገድ ላይ ልጅ አግኝቻለሁ፣ የሚፈልግ አለ ወይ አለች። እናቲቱ ፊቷን ወደ ግድግዳ አዙራ ተኝታለች። ማዞሯ ዓይኗ እንዳያሳብቅባት ነው። እንደዚያ ሆና መለሰች።

«ምን ብላ?» አለች ኢንጋ።

«እኛ አያስፈልገንም። ካመጣሽው ግን እዚያ ጥግ ጣይው።»

ካፒቶሊና ይህን ስትል ድምፅዋን ቀየረች። ሰልችቷት የምትናገር ሴት ድምፅ ሆነ። ልጁ የማያስፈልግ ተባለ። ኖረ፣ አገባ፣ ወለደ። ልጆቹ ስሙን ወረሱ። ጎረቤት ደግሞ የመስኮት ልጆች አላቸው። ከዚያ ወዲህ በዚያ ቤት የተወለደ በኩር ሁሉ በመስኮት እየወጣ በበር ገባ፤ አርሴኒም ሳይቀር። የተወለደውን ልጅ የቤቱ ሰው አያሞግስም። ቆንጆ ነው አይባልም፣ ወፍሯል አይባልም። ማን ፈለገው፣ ምን ያደርጋል ነው የሚባለው፤ ጮክ ብሎ፣ ውጪ ያለው ሞት እንዲሰማ።

ፋይና የያዘችውን ብርጭቆ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ግሌብ የተወለደው ከተማ ሆስፒታል፣ ክረምት ላይ ነው። ዘመድ መግባት አይፈቀድምና ውጪ በረዶ ላይ ቆሞ ወደ መስኮቶቹ ይጮሃል፤ እናቶችም ልጃቸውን ወደ መስታወቱ ከፍ አድርገው ያሳያሉ። ፋይናም ልጇን አሳይታ፣ ከታች የቆመችው አማቷ አግራፌና ምን እንደምትል ስትጠብቅ፣ አሮጊቷ አንገቷን ቀና አድርጋ ጮኸች፦ ማን ፈለገው እሱን፣ መልሺው። ክፍሉ ውስጥ የነበሩት እናቶች ሁሉ ሰሙ። ፋይና ያን ቀን ያዘነችው ኀዘን አልወጣላትም። ልጁ ቆሞ እስኪሄድ ድረስ ለአማቷ ለማሳቀፍ እጇ ይከብዳት ነበር። አግራፌናም አንድ ቃል ሳትተነፍስ ተቀምጣ ከሩቅ ታየው ነበር።

«ለምን አልነገረችኝም?» አለች ፋይና። ድምፅዋ ከጠበቀችው በላይ ከፍ ብሎ ወጣ። «ብትነግረኝ ምን ነበረበት? ሃያ ዓመት ሙሉ ክፉ ሴት ናት ብዬ...»

«ከተነገረማ ምኑን ማታለል ሆነ?» አለች ካፒቶሊና። «ዝም ማለት ነው። ክፉ ያሰኛል፤ ምን ታደርጊዋለሽ። እናቴም እንደዚያው ነበረች። እስክትሞት ድረስ አንድ ቀን እንኳ ጎበዝ ብላኝ አታውቅም።»

ፋይና በመሐረቧ አፍንጫዋን ጠረገች። ኢንጋ ታዲያ ለምን ስሙ ጠፋ፣ ለምን ግሌብ ብቻ ቀረ ብላ ጠየቀች። ካፒቶሊና ሴቶቹ እንደ እሷ አግብተው የባላቸውን እንደያዙ፣ ወንዶቹ ደግሞ ከተማ ወርደው ስም ሲጠራ ተስቆባቸው፣ አንዱ የሚስቱን፣ አንዱ የእናቱን እየያዙ እንደተበተኑ ነገረቻት። አርሴኒ ብቻ ነው እንቢ ያለው። ለምን እንቢ እንዳለም አልተናገረም፤ የቤቱ ልማድ እሱ ነውና።

ኢንጋ ቂጣውን አልነካችውም። ጣቷን በብርጭቆው አፍ ላይ ስታዞር ቆይታ ቀና አለች።

«በመስኮት የወጡት ሁሉ ተረፉ?»

ፋይና አሮጊቷ አዎ እንድትል በልቧ ለመነች።

«አልተረፉም» አለች ካፒቶሊና። «የኔ ወንድም ወጥቶ ነበር፤ ሣር ሳይታጨድ ሞተ። አልዋሽሽም ልጄ። ግን እናትየው ዝም ብላ ከምትጠብቅ፣ የምታደርገው ነገር አገኘች። ይሄው ነው ያለው።»

ኢንጋ ራሷን ነቀነቀች። ከዚያ ተነስታ፣ ካፒቶሊና ሳትጠይቃት፣ ግማሽ ላይ የቀረውን የድንች መደብ ቆፍራ ጨረሰችላት። ፋይና ከኋላ እየተከተለች ድንቹን ወደ ባልዲ ለቀመች።

ወደ ማታ አውቶቡስ ሊጠብቁ ወደ መንገዱ ወጡ። ኢንጋ ጥፍሯ ውስጥ የገባውን አፈር በእንጨት ስንጥር እያወጣች ነበር። ፋይና ልትጠይቃት ፈልጋ ምላሷን ነከሰች።

«እኔ በአባቴ ስም ሶኮሎቫ ሆኜ እቀራለሁ» አለች ኢንጋ በመጨረሻ። «ለምጄዋለሁ። ግሌብ ግን የራሱን አይተወውም። ዛሬ ማታ እነግረዋለሁ፤ ሰምቶም እተዋለሁ ካለ ይተው። አይመስለኝም።»

«እሺ የኔ ልጅ።»

«ልጅ ከመጣ ደግሞ በአባቱ ይጠራል።» ስንጥሩን ጣለችው። «ግን እትዬ ፋይና፣ ከአሁን ጀምረው እንዳያወሩብኝ። ሹራብ አይሥሩ፣ ለጎረቤት አይናገሩ፣ አይጸልዩልኝ እንኳ ጮክ ብለው። ዝም ይበሉልኝ።»

ፋይና እሺ ልትል አፏን ከፈተችና፣ ዝምታው ካሁን ይጀምር ብላ መልሳ ገጠመችው። አውቶቡሱ መጣ። ሾፌሩ እነዚህ ሁለት አፈር የለበሱ ሴቶች ከየት ነው የሚመጡት ብሎ ጠየቀ። ኢንጋ ከዘመድ ቤት አለችው። ፋይና ከእሷ ጎን ተቀምጣ፣ ከተማ እስኪደርሱ ድረስ፣ ዝናቡ ሲጀምር እንኳ፣ አንዲት ቃል አልወጣትም።