ሲጠብቅና ሲላላ

ምላጩ የደንበኛው ጉሮሮ ላይ እንዳለ ፀጉር አስተካካዩ በሌላው እጁ ደንበኛው የጻፈውን መጽሐፍ አነሣና ጀርባውን ገልብጦ ማንበብ ጀመረ። አንድ እጅ ለምላጭ፣ አንድ እጅ ለሥነ ጽሑፍ! ወንበሩ ላይ የተቀመጠው ቀልደኛ ተው እንዳይል አፉ ድረስ አረፋ ተቀብቷል፤ እንዳይነቃነቅ ደግሞ ምላጩ አለ።

«አባቴ በየማታው ይመታል፤ እኛም እየሳቅን እራታችንን እንበላለን» ብሎ አነበበ ፀጉር አስተካካዩ። በመስተዋቱ ውስጥ የደንበኛውን ፊት በሐዘን አየው። «ወይኔ ወንድሜን! አባትህ እንዲህ ጨካኝ ነበሩ እንዴ? እኛ በአንተ ስንስቅ፣ አንተ ለካ ዱላ ስትቀምስ ነው ያደግከው!»

ቀልደኛው ከወንበሩ ብድግ አለ። ምላጩም ከጆሮው ሥር ጫር አደረገው።

«ይመታል አይደለም እኮ!» ብሎ ጮኸ አረፋውን እየተፋ። «ይመታል ነው!»

«እኔስ ምን አልኩ?»

ወረቀት ላይ ሁለቱም አንድ ናቸው፤ ጉዱም ያለው እዚያው ላይ ነው። ቃሉ ሲላላ አባትየው ዱላ አንሥቶ ልጆቹን ያጎናል። ሲጠብቅ ግን ዱላውን ቀማሹ ራሱ አባትየው ነው፤ አቅማሹም ኮረንቲ ነው። ሰውዬው ሬዲዮ ጠጋኝ ነበር፣ አሁንም ነው። ሱቁ ውስጥ ያላለቀለትን ሥራ ማታ ቤት ይዞ ይመጣና እራት ጠረጴዛው ላይ ይዘረግፈዋል። ሶኬቱን መንቀል ይረሳል። ካቻቪቴው ሽቦውን ሲነካ ዘሎ ይነሣል፣ እጁን ያራግፋል፣ «አለሁ! አለሁ!» ይላል፤ ቤተሰቡ በሳቅ ይፈርሳል፣ እሱም አብሮ ይስቃል። ልጅየው ይህን መድረክ ላይ ሲያወራ ቃሏን ጥርሱን ነክሶ፣ ትከሻውን አንዘፍዝፎ ነበር የሚላት። አዳራሽ ሙሉ ሰው ሆዱን ይዞ ይንፈራፈር ነበር። ወረቀት ግን ጥርስ የለው፣ ትከሻ የለው!

ስሕተቱ የሌላ ሰው ቢሆን እንኳ ይሻል ነበር። የመጽሐፉ ርዕስ «ነጥቤ» ነው፤ የልጅነት ቅጽል ስሙ። በተማሪነቱ መነጽሩ እንደ ጠርሙስ ቂጥ የወፈረ፣ ኳስ ሲመጣበት የሚሸሽ፣ መዝገበ ቃላት እንደ ተረት የሚያነብ ልጅ ነበር። አንድ ቀን ከአሮጌ የሰዋስው መጽሐፍ ውስጥ፣ የሚጠብቅ ፊደል አናት ላይ ነጥብ እንደሚደረግ አነበበና አበደ። ቀይ እስክሪብቶ ይዞ ያገኘውን ሁሉ ያጠብቅ ጀመር፤ ጋዜጣ አልቀረ፣ የመድኃኒት ብልቃጥ አልቀረ። ትምህርት ቤቱ ውስጥ «ዋና ዳይሬክተር» የሚለው በር ላይ፣ ሰውዬው ዋናተኛ እንዳይመስሉ ብሎ «ና» አናት ላይ ነጥብ ጣለ፤ ወላጅ አምጣ ተባለ። አንዲት ልጅ «እጠብቅሃለሁ» ብላ ብትጽፍለት፣ «ብ» ላይ ነጥብ አድርጎ፣ አርሞ መለሰላት። አልጠበቀችውም።

ያ ልጅ አድጎ፣ በነጥቡ ሰው እያሳቀ ኑሮውን ገፍቶ፣ የገዛ መጽሐፉ ጀርባ ላይ ነጥብ ረሳ! ውስጡ ስለ ኮረንቲው በደንብ ተጽፏል፤ ግን ውስጡን ማን ገልጦት? ሲያርመው ደጋግሞ አንብቦታል፤ በራሱ ድምፅ ስለሚያነበው ግን ሁልጊዜ ይጠብቅለት ነበር። ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል ማለት ይኸው ነው።

አሁን የፈራው ግን ለስሙ አልነበረም። አሳታሚዋ ትናንት አንድ ቅጂ ለአባቱ ልካለታለች። የመጽሐፉ ምረቃ ዛሬ ከሰዓት በኋላ ነው፤ አባትየውም ፊተኛው ወንበር ላይ ይቀመጣል ተብሏል። በዕድሜው ሙሉ ልጆቹ ላይ እጁን አንሥቶ የማያውቅ ሰው!

ግማሽ ፊቱ ተላጭቶ፣ ግማሹ ሳይላጭ፣ በረንዳው ላይ ወጥቶ ለእህቱ ደወለ።

«አባባ የት አለ?»

«እኔም ልደውልልህ ነበር» አለች። ድምፅዋ ደስ አላለውም። «ጠዋት መጽሐፍህን ጉያው ውስጥ ሸጉጦ ሱቅ ሄደ። ቁርስም አልበላ። ስልኩን እዚህ ትቶታል። የልብ መድኃኒቱንም።»

«ሱቅ ሰው ላኪ እስቲ።»

«ልኬ ነበር፣ ዝግ ነው ተባልኩ። ኧረ ምንድን ነው? ምን አድርገኸው ነው?»

ስልኩን ዘግቶ ወደ አባቱ ሱቅ ገሰገሰ።

ሱቁ እውነትም ዝግ ነበር። በመስኮቱ አጮልቆ ሲያይ ሆዳቸው የተዘረገፈ ሬዲዮኖች ጠረጴዛው ላይ ተኝተዋል። አባቱ ዓይኑ ላይ አስሮ የሚሠራበት ማጉያ ከሚስማሩ ላይ የለም፤ ያኔ ግን ልብ አላለውም። ከጎን ያለችው ልብስ ሰፊ የስፌት መኪናዋን አቆመች። ከሕፃንነቱ ጀምሮ ታውቀዋለች። ዛሬ ግን «ነጥቤ» አላለችውም።

«እኔ ነኝ ያነበብኩለት» አለች ሳይጠይቃት። «የንባብ መነጽሬን ቤት ረስቼዋለሁ፣ እስቲ ልጄ የጻፈውን አንብቢልኝ አለኝ። እጁን እያሻሸ፣ ደስ ብሎት ነበር የቆመው። እኔም ጀርባውን አነበብኩለት።»

«እትዬ፣ አጥብቀው ነው ወይስ አላልተው?»

«ምኑን?»

«ቃሉን! እንዴት ብለው አነበቡለት?»

«እንደተጻፈው ነዋ! ፊቱ አመድ መሰለ። ደግመሽ አንብቢው አለኝ፣ ደገምኩለት። መጽሐፉን ከእጄ ተቀበለ፣ ሱቁን ዘጋ፣ ሄደ።» የያዘችውን ጨርቅ ጭኗ ላይ አስተካከለች። «አንዲት ደንበኛም ቆማ ትሰማ ነበር። ልጁን ለሚደበድብ ሰው ዕቃዬን አልተውም ብላ ሬዲዮኗን ይዛ ተመለሰች። እውነት ነው እንዴ ልጄ? እኔ ስንት ዘመን አጠገቡ ተቀምጬ ድምፁን ከፍ ሲያደርግ እንኳ አልሰማሁም። ግን የሰው ቤት በሩ ከተዘጋ በኋላ ማን ያውቃል?»

«ኧረ እትዬ፣ ዱላ አይደለም! ኮረንቲ ነው!»

«በኮረንቲ?!» ብላ ሁለት እጇን ጭንቅላቷ ላይ ጫነች።

ሌላ ቀን ቢሆን በዚህ ብቻ አንድ ሰዓት መድረክ ላይ ይቆምበት ነበር። ዛሬ ግን ከፊቷ ሮጠ። አባቱ ዕቃ የሚገዛባቸውን ሱቆች ሁሉ አዳረሰ፤ ክሊኒክ ገብቶ ጠየቀ፤ ድልድዩን ሲሻገር ወደ ታች ማየት አቃተው። ከልጅነቱ ጀምሮ ሲፈራ አንድ ልማድ አለው፤ የመዝገበ ቃላቱን ቃላት ከ«ሀ» ጀምሮ በተራ ይደረድራል። ሀብት፣ ሀኬት እያለ ሄደ፤ «ለ» ላይ ለምጽ፣ ለቅሶ መጣበት። «መ» ላይ ሲደርስ «መታ» ፊቱ ድቅን አለና መቁጠሩን ተወው። አንድ ጥግ ላይ ሰው ከቦ ቆሞ ሲያይ እግሩ አልንቀሳቀስ አለው። የወደቀ ሰው አለ ብሎ እርግጠኛ ነበር። እየተጎተተ ተጠግቶ ሲያይ ጫማ በቅናሽ የሚሸጥ ሰው ነው። ግድግዳውን ተደግፎ ተነፈሰ።

አሳታሚዋ ደወለች። «የት ነህ አንተ? አዳራሹ እየሞላ ነው! ደግሞ ስማ፣ ጋዜጠኞቹ ስለ ጀርባው ጽሑፍ እየጠየቁኝ ነው። ተደብድቦ ያደገው ቀልደኛ እያሉህ ነው!»

«ስሕተት ነው። ይጠብቃል።»

«ማነው የሚጠብቀው?»

«ቃሉ ነዋ!»

«ገባኝ። አሁን ገባኝ። ግን ለዛሬ ብቻ ዝም በል። ዋሽ አላልኩህም፣ ዝም በል ነው ያልኩህ። ሰው እንባ ሲሸተው ይገዛል። በሚቀጥለው ኅትመት እናርመዋለን።»

ስልኩን ዘጋባት። እምቢ ማለቱን ግን አልደፈረም፤ ስንት ሌሊት የተቀመጠበት መጽሐፍ ነው፣ ቢሸጥለት ይወዳል። በዚህም ራሱን ጠላ። የአፍ ወለምታ በቅቤ አይታሽም ይባላል፤ የእስክሪብቶ ወለምታስ በምን ይታሻል?

ወደ አዳራሹ የሄደው ሌላ የሚፈልግበት ቦታ ስላለቀበት ነው። ከኋላ በር ገብቶ በመጋረጃው ቀዳዳ አየ። ወንበሩ ሁሉ ሞልቷል። ፊተኛው መሐል ላይ ያለው አንዱ ብቻ ባዶ ነው።

«አባትህን ነው የምትፈልገው?» አለው ከኋላው የአዳራሹ ዘበኛ። «ከረፋዱ ጀምሮ እዚህ ናቸው እኮ። መጽሐፉ የተከመረበት ክፍል ውስጥ። የደራሲው አባት ነኝ፣ ሥራ አለብኝ ሲሉኝ ከፈትኩላቸው። አጠፋሁ እንዴ?»

ሥራ? የምን ሥራ? አባቱ ካርቶኖቹን በንዴት ሲቀዳድድ ታየው። ከካርቶኖቹ መሐል ደረቱን ይዞ ወድቆም ታየው። ኮሪደሩ አላልቅ አለው። በሩን በትከሻው ገፍቶ ገባ።

አባትየው የክት ኮቱን ለብሶ ካርቶን ላይ ተቀምጧል። ማጉያውን አንድ ዓይኑ ላይ አስሮ ጉልበቱ ላይ ያለ መጽሐፍ ላይ አቀርቅሯል።

«አባባ!»

«በሩን ዝጋው፣ ቀለሙ ሳይደርቅ አቧራ ታስገባብኛለህ» አለ ቀና ሳይል።

በእጁ ቀይ እስክሪብቶ ይዟል። መጽሐፉን በጀርባው ይገለብጣል፣ «መ» ላይ አንድ ነጥብ፣ «ታ» ላይ አንድ ነጥብ ያደርጋል፣ እፍ ይልበታል፣ በቀኙ ይከምራል። በቀኙ ያለው ክምር ትከሻው ደርሷል። በግራው ያለው ግን ገና ግድግዳ ያህላል።

ልጅየው እዚያው ሲሚንቶው ላይ ዘፍ ብሎ ተቀመጠ። እንባው ባልተላጨው ጉንጩ ላይ ወረደ። «መድኃኒትህን ትተህ፣ ስልክህን ትተህ... አንድ ነገር የሆንክ መስሎኝ እኮ ሞቼ ነበር!»

«ረሳሁታ። ፊትህ ደግሞ ምን ሆኖ ነው፣ ግማሹን ብቻ የሚላጭ ፋሽን መጣ እንዴ?»

«አልተቀየምከኝም?»

አባትየው እስክሪብቶውን አነሣ። «ተቀይሜ ነበር እንጂ! ሴትዮዋ ሁለቴ ስታላላው ደርቄ ቀረሁ። መንገዱን እስክሻገር ድረስ፣ መትቼው ይሆን እንዴ እያልኩ ራሴን ስመረምር ነበር። ሰው ክፉ ሲነገርበት ስለ ራሱም ያምናል ልጄ። ታክሲ ውስጥ ነው ነጥብህ ትዝ ያለኝ። የሱቄን ማስታወቂያ ሳይቀር አጥብቀህብኝ አልነበር? ይሄ ልጅ ነጥብ ይረሳል እንጂ እኔን አይረሳም አልኩ።»

«በዚህ ዓይንህ እንዴት አየኸው?»

«በዚህ ማጉያ የሚታየኝ አንድ አንድ ፊደል ነው። ለዚህ ሥራ ደግሞ አንድ አንድ ፊደል ይበቃኛል።»

በሩ በኃይል ተከፈተ። አሳታሚዋ ናት። «እዚህ ነህ እንዴ? ሕዝቡ ይጠብቃል!» ካለች በኋላ ክምሩን አየች፣ አንዱን አነሣች፣ ሌላውንም አነሣች። «ምንድን ነው ይሄ? መጽሐፉን ኩፍኝ የወጣበት አስመሰላችሁት እኮ! ማን ይገዛዋል? ጋዜጠኞቹንስ ምን ልበላቸው?»

አባትየው ማጉያውን ገፍቶ ግንባሩ ላይ ሰቀለው። ቀኑን ሙሉ ያልታየበት ፍርሃት አሁን ፊቱ ላይ መጣ፤ የልጁን ቀን ያበላሸ መሰለው። የእስክሪብቶውን ክዳን ገጠመ።

«ሂድ፣ ግባ» አለ ቀስ ብሎ። «የሠራሁት ይበቃል። ሥራህን ሥራ።»

ቀልደኛው ከመድረኩ በኩል የሰውን ጫጫታ ሰማ። ሁለቱንም አያቸው። ከዚያ ለፊርማ ብሎ የያዘውን እስክሪብቶ ከደረት ኪሱ አወጣ፣ ካርቶን ስቦ ከአባቱ ጎን ተቀመጠ፣ ከግራው ክምር አንድ መጽሐፍ አነሣ።

«ጋዜጠኞቹን ወደዚህ ጥሪያቸው» አላት። «እስክሪብቶ አያጡም።»

«ሕዝቡስ?»

«ይጠብቅ» አለና «መ» ላይ ነጥብ አደረገ።