ጭላቶቹ የዞሩበት ግቢ

ኤርሳዶ ከሹመቱ የተነሳው በጊፋታ ማግስት ነው። የወላይታ ዘመን መለወጫ ሥጋ ገና ከጥርሱ ሳይወጣ የዞኑ ሰዎች ስብሰባ ጠሩት፤ ከጠዋት እስከ ማታ ገመገሙትና «የአመለካከት ችግር አለበት» ብለው አወረዱት። «ግለ ሂስ አድርግ» ቢሉት «ምን አጥፍቼ?» አለ። ይህቺው መልሱ ችግሩን አረጋገጠችላቸው። ዘመኑ ቢፒአር የሚባለው ነገር መጥቶ መሥሪያ ቤቱን ሁሉ የሚያበጥርበት ነበርና፣ በብጠራው ቦታ ያጣ ሠራተኛ «ተንሳፋፊ» ይባል ነበር። ተንሳፋፊ ደመወዝ አለው፣ ወንበር የለውም። ኤርሳዶም እንደ ሌሎቹ ተንሳፈፈ።

ሰው ሲሻር ወይ ያርሳል፣ ወይ ይነግዳል፣ ወይ ጌታን ያገኛል። ኤርሳዶ ወፍ ማየት ጀመረ።

አንድ የርዳታ ድርጅት ፈረንጅ አገሩ ሲገባ ያበረከተለት የሩቅ ማያ መነጽር ነበረው። በሹመቱ ዘመን ቁም ሣጥን ላይ አቧራ ሲጠጣ ኖሮ አሁን ወረደ። ኤርሳዶ ጀርባውን ለዳሞታ ተራራ፣ ፊቱን ቁልቁል ለሰፈሩ ሰጥቶ፣ አቮካዶው ሥር ወንበር ዘርግቶ ተቀመጠ። የጠየቀውን ሁሉ «የአካባቢ አእዋፍ ጥናት ነው፤ ዓመት ይፈጃል» ይለዋል። ጥናት አልነበረም። ሥራ ፈትቶ መታየት ሞት ሆኖበት ነው። መነጽር ዓይኑ ላይ የደገነ ሰው ግን ምንም ባይሠራ የሚሠራ ይመስላል።

ደግሞም ሁሉን አላጣም። ዞኑ ያልሰጠው፣ ዞኑም ሊነጥቀው የማይችለው አንድ ሹመት ቀርቶለታል፤ የሰፈሩ የበሬ ማኅበር ሰብሳቢነት። በጊፋታ የሰፈሩ አባወራዎች አንድ በሬ አርደው ይካፈላሉ። በሬውን የሚመርጠው ሰብሳቢው ነው፤ የመጀመሪያዋን ሥጋ የሚቆርጠውም እሱ ነው። ከዚያ ቆሞ «የእገሌ ቤት!» እያለ ይጣራል፣ የተጠራው አባወራ ወጥቶ ድርሻውን ይወስዳል። ወንድ የሌለበት ቤት ግን አይጠራም። የመበለቲቱ ድርሻ ከሁሉም በፊት በእንሰት ቅጠል ተጠቅልሎ ደጇ ድረስ ይሄዳል፤ ሰብሳቢው ከበር ሳያልፍ በስሟ ጠርቶ አቀብሏት ይመለሳል። ኤርሳዶ ይህን የበረከት ሥራ ደረቱን ነፍቶ ሲሠራ ነው የኖረው። ምስኪን ሴት ሁለት እጇን ዘርግታ ስትመርቀው ልቡ ቅቤ ይጠጣል። ቢሮው ቢሄድ ይሂድ፤ ይቺን ሹመት ግን እስከ መቃብሩ ሊይዛት ቆርጧል።

ከወንበሩ ሆኖ ሲያይ ሰፈሩ ሁሉ ወፍ መሰለው። አቮካዶው ላይ ጎጆ የሚሠሩትን ቢጫ ወፎች፣ ቀኑን ሙሉ ተንጫጭተው አንድ ጎጆ ሰፍተው በማግስቱ ራሳቸው የሚያፈርሱትን፣ «የቀበሌ ካቢኔ» አላቸው። ማጅራቱ ላይ ነጭ ጣል ያደረገው ቁራ፣ ከደረቱ ቀድሞ ሆዱ የሚገባው፣ በቢሮ ወንበሩ የተተካው ሰውዬ ነው። ማለዳና ማታ በጣራው ላይ እየጮኹ የሚያልፉትን ጋጋኖዎች «የስብሰባ ሰዎች» ብሏቸዋል፤ ከየት እንደመጡ፣ ወዴት እንደሚሄዱ አይታወቅም፣ ጩኸታቸው ግን አገር ያናውጣል። ቦምቤ ለሚኖሩት ዘመዶቹ ግን የሚሆን ወፍ አጣ። በሹመቱ ጊዜ በየሳምንቱ ሲጎርፉ ከርመው፣ ከወረደ ወዲህ አንድ እግር ብቅ አላለም። የመስቀል ወፍ እንኳ በዓመት አንዴ ትመጣለች ብሎ ተዋቸው።

ለሻንቆ ጭላትን ሰጠው። ሻንቆ የቀድሞ ሹፌሩ ነው። ቢሮውን ለቆ አስፋልቱ ዳር የብየዳ ቤት ከፍቷል፤ አሁን ከታች ባለው ግቢው ቀን ሙሉ ብረት ይቀጠቅጣል። «ሥጋ ባለበት የማይጠፋ ጭላት» ይለዋል ኤርሳዶ። ሰውዬው በመኪናው ጋቢና አምስት ዓመት ከጎኑ ተቀምጦ ከጉርሻው የበለጠ ነገር እንዳልጠየቀው ረስቶታል።

ሚስቱ አሳየሽ አስተማሪ ናት። የጠመኔ ብናኝ ፀጉሯ ላይ እንዳለ ከትምህርት ቤት ትመጣና እንሰቱን ትኮተኩታለች፣ ራት ትሠራለች፣ የማኅበሩን ወርኃዊ መዋጮ ሳይቀር እሷው ትልካለች። ከሳምንቱ ገበያ ቅቤ ትገዛና ለጊፋታ እንስራዋ ውስጥ ታስቀምጣለች። በወላይታ ቤት ቅቤው የሚስት፣ ሥጋው የባል ነው፤ አንዱ ያለ አንዱ ውርደት ነው።

«የሩት አባት፣ ዛሬስ ምን ተገኘ?» ትለዋለች በልጃቸው ስም ጠርታ።

«አዲስ ዝርያ።»

«ይበላል?»

«መሃይምነት ነው ይሄ» ይልና መነጽሩን ያነሳል። አስተማሪዋን ሚስቱን ነው መሃይም የሚላት።

ክረምት ሊገባ ሲል፣ በግንቦት፣ ሶሪት መጣች። ወራት ሙሉ ድምጿን ብቻ ሲሰማ ነበር፤ አረንጓዴዋ ወፍ፣ ስትበር ክንፏ ደም የሚመስለው። አቮካዶው ላይ አረፈችና ቅርንጫፍ ለቅርንጫፍ መሮጥ ጀመረች። ኤርሳዶ ትንፋሹን ውጦ መነጽሩን ደገነ። በዚህ መሐል የቆርቆሮው በር ተንቋቋ። ሻንቆና ጎረቤቱ ገብረማርያም ገቡ።

«ሳሮ ጋሼ! ሳሮ ነዎት?» ብሎ በወላይትኛ ሰላምታ ሰጠ ሻንቆ፣ ከብረት ጋር ሲጮኽ የለመደ ድምፁን ሳይቀንስ። «ማኅበሩ ልኮን ነው። ዘንድሮም በሬውን እርስዎ ይምረጡልን፣ እርስዎ ይቁረጡልን ብለዋል።»

ሶሪት ክንፏን ዘርግታ እብስ አለች።

«አበረራችኋት!» አለ ኤርሳዶ። መነጽሩን ከዓይኑ አላወረደም። ወንበር ያዙ አላላቸውም። ውስጡ ግን በደስታ ዘሏል፤ ይኸው ማኅበሩ ራሱ መጥቶ እየለመነው ነው! ታዲያ ትልቅ ሰው በአንድ ጥሪ እሺ አይልም። በቢሮው ዘመን እንዲህ ነበር፦ ይለምኑታል፣ ደክሞኛል ይላል፣ «ኧረ በፍጹም፣ ያለ እርስዎማ!» ይላሉ፣ እንደገና እምቢ ይላል፣ እግሩ ላይ ሊወድቁ ሲደርሱ በግዱ እሺ ይላል። ጨዋታውን ያውቀዋል።

«እኔ ደክሞኛል» አለ። «ሥራም ላይ ነኝ፤ እንደምታዩት። ሌላ ሰው ፈልጉ።»

ከዚያ «ኧረ በፍጹም»ን ጠበቀ።

ሻንቆ ገብረማርያምን አየው። ገብረማርያም መሬት መሬቱን አየ። «እሺ ጋሼ» አለ ሻንቆ። በሩን ቀስ ብለው ዘግተው ወጡ።

አሳየሽ ሁለት በርጩማ ይዛ ከቤት ስትወጣ ግቢው ባዶ ነው።

«ምነው? ቁጭ እንኳ ሳይሉ?»

«ይመለሳሉ።»

«ምን አልካቸው?»

ነገራት። በርጩማዎቹን መሬት ላይ አስቀመጠች።

«የሩት አባት፣ ሻንቆ እኮ አሁን ሹፌርህ አይደለም። ሌላ ፈልግ ካልከው ሌላ ይፈልጋል።»

«አታውቂም። ሰው ሲከበር ደጋግሞ ነው የሚጠየቀው። በሰኔ መጥተው ያለቅሳሉ።»

ሰኔ ዝናቡን ይዞ ገባ፤ ያለቀሰ ሰው አልመጣም። በሐምሌ ኤርሳዶ ጃንጥላ ሥር ተቀምጦ ከዛፉ ይልቅ በሩን ማየት አበዛ። በሩ በነፋስ ሲንቋቋ ፊቱን አኮሳትሮ ይዘጋጃል። በነሐሴ አሳየሽ ትዕግሥቷ አለቀ።

«ሂድና ‹ተሳስቻለሁ፣ ከእናንተ ጋር ነኝ› በላቸው። አንዲት ቃል ናት። በሬ ምረጥ አላልኩህም፣ ከወንዶቹ ጋር ቁም ነው ያልኩህ። ዓመቱን ሙሉ ስብሰባቸውን አልረገጥክም።»

«እኔ? ለሻንቆ ግለ ሂስ?» ሳቀ፤ ከት ብሎ ሳቀ። «ለዞኑ ያላደረግሁትን ለብረት በያጅ?»

«ለዞኑ ባለማድረግህ ምን አተረፍክ?»

«ክብሬን።»

«እሺ፣ ክብርህን እንደ ሥጋ በዳጣ እናጣቅሰዋለን» አለችና ወደ እንሰቷ ሄደች።

ሲሾም ያልበላ ሲሻር ይቆጨዋል ይላሉ። ኤርሳዶ ግን ሲሾምም በልቷል፣ ሲሻርም ቆጭቶታል፤ ከሁለቱም ያልተማረ ሰው ነው።

መስከረም ጠባ። የመስቀል ወፍ ጅራቷን እያወዛወዘች አጥሩ ላይ ብቅ አለች። በዚያው ሰሞን አንድ ማለዳ ሻንቆ ከሻንቶ ገበያ በሬ እየነዳ በመንገዱ አለፈ፤ የሰፈሩ ወንዶች ከኋላው እየተሳሳቁ ይከተላሉ። ኤርሳዶ መነጽሩን ደገነ።

«ጎኑ ገብቷል» አለ። «ሻኛው የወደቀ፣ ቀንዱ የተጣመመ። ይሄን የመረጠ ሰው ዓይን የለውም። ከብት ሳይሆን አጥንት ነው የገዙት። አሁን ይገባቸዋል የኔ ዋጋ!»

አሳየሽ አጥር ላይ ተደግፋ በሬውን አየች። የወይን ጠጅ መልክ ያለው፣ ሲራመድ ሥጋው የሚንቀጠቀጥ ሰንጋ ነበር። ተመልሳ ቀይ ሽንኩርቷን መላጥ ቀጠለች።

በሬውን መምረጥ እንዳለፈው ኤርሳዶም ገብቶታል። መቁረጡ ግን አለ። ሥጋን በእኩል መደብ መክፈል ብረት እንደ መበየድ አይደለም፤ ጉበቱን ሲያዩ፣ ሽንጡን ሲያዩ መጣላታቸው አይቀርም፤ ያኔ እየሮጡ ይመጣሉ። እንዲህ ሲል አስልቶ ቢላዋውን በድንጋይ ሳለ። የእርዱ ቀን ማለዳ ሱፉን ለበሰ፤ ለዞን ስብሰባ የሚለብሰውን ግራጫውን። ቢላዋውን በጋዜጣ ጠቅልሎ ጉልበቱ ላይ አስቀመጠ፣ መነጽሩን አንገቱ ላይ አንጠለጠለ፣ ወንበሩ ላይ ቁጭ አለ። ልቡ እንደ ሙሽራ ትመታለች፤ አፍሮበትም ቢሆን ትመታለች።

መጀመሪያ የመጣው አንድ ጭላት ነው። ከዳሞታ በኩል ተንሳፍፎ መጣና ሻንቆ ግቢ ላይ ሲደርስ ዞረ። ሁለተኛ ተጨመረ። ከዚያ ሰማዩ በጭላት ተሞላ። ዝቅ ብለው፣ የባሕር ዛፉን ጫፍ ሊነኩ ጥቂት እስኪቀራቸው ዝቅ ብለው መዞር ጀመሩ። ከከፍታው ደግሞ ጥንብ አንሳ ክንፉን ዘርግቶ ይወርዳል። ኤርሳዶ ዓመቱን ሙሉ ጭላት ሲያይ ከርሟል። ባዶ ግቢ ላይ ከፍ ብሎ ነው የሚዞረው። እንዲህ ዝቅ ካለ ደም ፈስሷል፤ እንዲህ ከተምዘገዘገ ቆዳው ተገፏል። ከዓመቱ ጥናት እርግጠኛ ሆኖ የሚያውቃት ይቺን ብቻ ነበር። በሬው ታርዷል። ያለ እሱ ታርዷል፣ ተገፏል፣ ምናልባትም መደቡ ወጥቷል።

እሺ፣ አለ በልቡ፣ ቆርጠውታል እንበል። ስም መጥራቱስ? «የኤርሳዶ ቤት!» ማለታቸው አይቀርም። መዋጮው ተከፍሏል። ያኔ ቀስ ብሎ፣ ሳይቸኩል፣ በሱፉ ይወርዳል፤ ሁሉም ዘወር ብሎ ያየዋል። ጆሮውን አቀና። ከታች የወንዶች ሳቅ ይሰማል፤ ስም የሚጠራ ግን ገና የለም።

በሩ ሲንቋቋ ወንበሩን ገፍቶ ተነሳ። መጡ! ቢላዋው ከጉልበቱ ወደቀ።

ሻንቆ በሩ ላይ ቆሟል። ባርኔጣውን አውልቋል። ከደፉ አልፎ አልገባም። በሁለት እጁ አንድ ነገር ታቅፏል፤ አረንጓዴ የእንሰት ቅጠል፣ ጫፉ በክር የታሰረ፣ ከሥሩ ትኩስ ደም የሚንጠባጠብ።

«አሳየሽ!» ብሎ ተጣራ። እንዲያ የሚጮኸው ሰውዬ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነበር። «አሳየሽ! እንኳን አደረሰሽ!»

ኤርሳዶን አላየውም። ሱፍ ለብሶ፣ መነጽር አንጠልጥሎ፣ ከፊት ለፊቱ የቆመውን ሰው እንደ አቮካዶው ግንድ አለፈው። አሳየሽ እጇን በቀሚሷ ጠርጋ ወጣች፣ በሁለት እጇ ተቀበለች፣ መረቀች። ሻንቆ ጎንበስ ብሎ ተመለሰ። ወዲያው ከታች ድምፁ አስተጋባ፤ «የገብረማርያም ቤት!» አንድ በአንድ ተጠሩ፣ አንድ በአንድ መለሱ። የኤርሳዶ ቤት የሚባል አልነበረም።

አሳየሽ ሥጋውን በሳህን፣ የሚያቃጥለውን ዳጣ በትንሽ ሸክላ፣ ከቆጮ የሠራችውን በቅቤ የራሰ ሙቿዋን በጣባ አድርጋ ፊቱ አቀረበች።

«ይሄ የመበለት ድርሻ ነው» አለ።

«አውቃለሁ።»

«እንዴት ትቀበያለሽ? እኔ እዚህ ቁጭ ብዬ!»

«እሱማ ቁጭ ብለሃል» አለች። ድምጿ ቁጣ አልነበረበትም፤ ንቀቷ እንኳ ደክሞት ቁጭ ያለ ይመስል ነበር። «ዓመቱን ሙሉ ቁጭ ብለሃል። እኔስ ዓመቱን ሙሉ ምን ነበርኩ?»

አሳየሽ ቁራጭ አንስታ ዳጣ ነክራ ጎረሰች፤ አልጠበቀችውም። እሱም ብዙ ቆይቶ፣ ራቡ ክብሩን ሲያሸንፈው፣ አንዲት ቁራጭ አነሳ። ጅማት ፈለገባት። ክሳት፣ እርጅና፣ አንድ ነውር ፈለገባት፤ ፈልጎ ፈልጎ «አላልኳችሁም!» ሊል። ሥጋው አፉ ውስጥ ቀለጠ። እሱ በሰብሳቢነቱ ዘመን ከመረጣቸው በሬዎች ሁሉ የሚበልጥ ነበር።