የጋሽ ባህሩ ሞተር ቀለም

ምንይችል ሸሕዲ ውስጥ መንገድ ዳር አነስተኛ ጋራዥ አለው። የማይደፍረው ሞተር የለም ይባልለታል፤ ሰሞኑን ግን አንድ ጣሳ ቀለም መምረጥ አቅቶት እንቅልፍ አጥቶ ሰነበተ።

ቀለሙ ለጋሽ ባህሩ ላንድሮቨር ሞተር ነው። ይህችን አሮጌ መኪና በከተማው የማያውቅ ቢኖር ትናንት ከደጋ የወረደ የሰሊጥ አጫጅ ብቻ ነው። ክረምት ገብቶ ጭቃው ጎማ መዋጥ ሲጀምር፣ ከሽንፋ በኩል ታማሚና ወላድ ይዛ የምትወጣው እሷ ነበረች። ምንይችልም መፍቻ መያዝ የተማረው በእሷ ሥር ተጋድሞ፣ ከጋሽ ባህሩ ስድብ እየጠገበ ነው።

ከሦስት ዓመት በፊት የጋሽ ባህሩን ዓይን ሞራ ጋረደው። ሰውዬው ግን ኩራታቸው ከመኪናቸው ይበልጣል። ለማንም ሳይናገሩ በጆሮና በልምድ መንዳታቸውን ቀጠሉ። አንድ ቀን ከገበያ በሚመለሱ ሴቶች መካከል ሊገቡ ሲሉ ጩኸት ሰምተው መሪውን ጠመዘዙና ቦይ ውስጥ ገቡ። ሰው አልሞተም፤ እግዜር አወጣቸው። ከዚያ ቀን ጀምሮ መኪናዋ ምንይችል ጊቢ ከማንጎው ሥር ቆማ ቀረች።

ዘንድሮ ልጃቸው የትናየት እንደ ምንም አሳምና ጎንደር ለሕክምና ወሰደቻቸው። ምንይችል ይህን ሲሰማ፣ "ሞራው ሲገፈፍላቸው እሷን አምራ ይዩዋት" ብሎ ሞተሩን አወረደ። ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል እንዲሉ፣ ቀለሙ ምን ዓይነት እንደነበር ልብ ሳይል የዘመናት ዘይትና ጥላሸቱን ሲፈገፍግ ቀለሙም አብሮ ሄደ። የተረፈው ዲናሞው ከሚታሰርበት ብረት ሥር የተደበቀ ጥፍር የሚያህል ቅርፊት ነው። እሱን በክብሪት ቤት ይዞ ሐጃ ዘሀቢያ ሱቅ ሄደ።

የሐጃ ዘሀቢያ ሱቅ ከመናኸሪያው ፊት ለፊት ነው። ከሚስማር እስከ ትራክተር ቀበቶ የማይሸጡት የለም። ዕድሜያቸውን ሙሉ ከሱዳን ነጋዴ ጋር ስለከረሙ ቀለምን "ቡህያ" ይሉታል።

"ለሞተር የሚሆን ቡህያ? ጥቁር አለ፣ ቀይ አለ፣ ይሄ አረንጓዴም አለ" አሉ ጣሳዎቹን እየደረደሩ። "ጥቁሩን ውሰድ ልጄ፣ ቆሻሻ ይችላል።"

ምንይችል ጥቁሩን አንስቶ መልሶ አስቀመጠው። የጋሽ ባህሩ ድምፅ በጆሮው መጣበት፦ "ሞተር ጥቁር የሚቀባ ሜካኒክ ጥፋቱን ሊደብቅ ነው። ፈዘዝ ያለ ቀለም ቀባው፣ ዘይት ጠብ ሲል ራሱ ይነግርሃል።" ቅርፊቷን ከአረንጓዴው ጋር አስተያየ። ቅርፊቷ ወደ አመድነት ታደላለች፣ የጣሳው ደመቅ ይላል። ቢሆንም ከሁሉም የሚቀርባት እሱ ነው።

"ሙቀት ይችላል ግን፣ ሐጃ?"

"ይችላል ወይ? ና ውጣ፣ የሱቄን በር እይ!" እጁን ይዘው ወደ ውጭ አወጡት። ያ ሰማያዊ የነበረው የሱቃቸው በር አረንጓዴ ሆኗል። "ተራው ቡህያ በወሩ እየተላጠ ቢያማርረኝ ለዘንድሮው ዒድ ከዚሁ ቀባሁት። ለትራክተር ሞተር የመጣ ነው። ሞተር የቻለ የቆላን ፀሐይ ያቅተዋል? ኸላስ፣ አበቃ፣ ውሰድ!"

ምንይችል ከት ብሎ ሳቀ። በሞተር ቀለም በር ሲቀባ ያየው ገና እዚህ ነው። በሩን በጥፍሩ ፋቅ ፋቅ አደረገው፤ አልተነሳም። ጣሳውን ይዞ ተመለሰ። ሞተሩን በናፍጣ አጥቦ በሳሙና ደገመው፤ ቅባት በቀረበት ቦታ ቀለም አይዝምና። ከዚያ ስስ አድርጎ ቀባ፣ ሲደርቅ ደረበ፣ መልሶም ገጠመው። የቀረው ባለቤቱን መጠበቅ ነበር።

ጋሽ ባህሩ በመጡ ማግስት ግን ቀድማ ጋራዡ የደረሰችው የትናየት ናት። ፊቷ ጠቁሯል።

"ምንይችል፣ አባዬ መኪናዬን እነዳለሁ ብለው ተነስተዋል። ቁልፉን እንዳትሰጣቸው።"

"ምነው፣ አልዳኑም እንዴ?"

"ሐኪሙስ ድነዋል አለ። እሳቸውም 'አያለሁ' ይላሉ። ያኔስ ቦይ እስኪገቡ ድረስ 'አያለሁ' አይደል ሲሉን የነበረው?" እንባዋ መጣ። "ትናንት ከአውቶቡስ ስንወርድ መንገዱ ላይ ደርቀው ቀሩ። አገሩ እንደጠፋበት ሰው ወዲያ ወዲህ ይላሉ። 'ምነው?' ብላቸው 'ምንም' አሉኝ። የተናገሩት ከሚጠፋ የወለዱት ይጥፋ የሚሉ ሰው ናቸው፤ የምጠፋው እንግዲህ እኔ ነኝ።"

ምንይችል ቁልፉን ከተሰቀለበት አውርዶ ኪሱ ከተተ። መፍቻ ያስያዙትን ሰው በምን አፉ "አያዩምና አይነዱም" ይበላቸው? ዝም ብሎ ቁልፉን ቢሰጥስ፣ የገበያተኛው ደም በማን እጅ ነው?

ብዙም ሳይቆይ ጋሽ ባህሩ ጥቁር መነጽራቸውን አድርገው፣ ከዘራቸውን እየመቱ መጡ።

"እንደምን ከረምክ፣ ምንይችል?"

"እንኳን ለቤትዎ አበቃዎት፣ ጋሼ!" አለና ዓይናቸውን ሊፈትን መፍቻ ዘረጋላቸው። "ይቺ ስንት ቁጥር ነች?"

ተቀብለው በአውራ ጣታቸው ዳበስ አደረጉና "አሥራ ሦስት" አሉ። ልክ ናቸው። ግን ይህን ታውረውም ያውቁት ነበር።

ኮፈኑን ከፈተላቸው። ጋሽ ባህሩ መዳፋቸውን ሞተሩ ላይ አሳርፈው ቀስ እያሉ ዳሰሱት። "ለስልሷል። ቅባቱን ጥሩ አድርገህ አጥበኸዋል። በል አስነሳት።" አስነሳት። ጆሯቸውን ጣል አድርገው "አንዱ ቫልቭ ያንኳኳል፣ አጥብቀው" አሉ። ሁሉም በእጅና በጆሮ ነው። የትናየት ፊቷን አዞረች። ምንይችል ኪሱ ውስጥ ያለውን ቁልፍ ጨብጦ፣ የሚናገረውን ቃል ይፈልግ ጀመር።

ጋሽ ባህሩ መነጽራቸውን አወለቁ። ሞተሩ ላይ አፈጠጡ።

"ምንይችል።"

"አቤት፣ ጋሼ።"

"ምን አድርጌህ ነው የሐጃ ዘሀቢያን በር ሞተሬ ላይ የገጠምክብኝ?"

ምንይችል በሐፍረት አንገቱን ደፋ። "አመድማውን ባጣው ጊዜ ነው ጋሼ፣ የሚቀርበውን..." ብሎ ሊቀጥል ሲል ነገሩ በራለት። በሩ አረንጓዴ የሆነው ለዘንድሮው ዒድ ነው። ጋሽ ባህሩ ዓይናቸው ሲጋረድ በሩ ሰማያዊ ነበር።

የትናየትም ገብቷታል። ልታረጋግጥ "የሐጃ በር ሰማያዊ አይደለም እንዴ፣ አባዬ?" አለች።

"ሰማያዊማ ድሮ! ትናንት ከአውቶቡስ ስወርድ ሰማያዊውን በር ብፈልግ የለም። ሸሕዲ መሆኑን ተጠራጥሬ፣ የት አገር ነው ያወረዱኝ ብዬ፣ ሐጃ ከአረንጓዴው በር ብቅ እስኪሉ ቆሜ ቀረሁ። ለአንቺ እንዳልነግርሽ 'ጃጁ' ትይኛለሽ።"

የትናየት አንገታቸው ላይ ተጠመጠመች። እየሳቀች ታለቅሳለች። ምንይችልም እፎይ ብሎ ጎማ ላይ ቁጭ አለ፤ ደስታው በእንባ ወጣለት። ጋሽ ባህሩ ሁለቱንም ግራ ተጋብተው አዩዋቸው። "ኧረ ምን ነካችሁ? ቀለም ነው እኮ ያልኩት!"

ምንይችል ተነስቶ ቁልፉን በሁለት እጁ ሰጣቸው። "ነገውኑ ልጬ እቀይረዋለሁ፣ ጋሼ። ትክክለኛውን ከጎንደር አስመጣለሁ።"

ጋሽ ባህሩ ሞተሩን እንደገና ጎንበስ ብለው አዩት። "ተወው" አሉ። "ዘይት ጠብ ካለ አየዋለሁ።"