ሶፋ ሰፊዋ ምርኩዝ ያዘች

ሶፋ ሰፊዋ አርባ ሦስት ዓመቷ ነው፤ ከዚህ ውስጥ ሃያ አምስቱን ያሳለፈችው ቁጭ ብላ ነው። ሥራዋ ሌላው ሰው ተመችቶት እንዲቀመጥ ማድረግ ስለሆነ፣ እሷም መቀመጧ አይደንቅም። የምትሠራው ከታላቅ ወንድሟ ጋር ነው፤ እሱ እንጨቱን ይገጥማል፣ እሷ ስፖንጁን ትቆርጣለች፣ ጨርቁን ትሰፋለች። ቀኑን ሙሉ ሲነታረኩ ይውሉና ማታ ሳይመራረቁ አይለያዩም። ሱቃቸው ከስፖርት ሜዳ አጠገብ ነው። ከስፌት መኪናዋ ቀና ባለች ቁጥር በመስኮቱ በኩል ላብ ያጠመቃቸው ሰዎች ሲሮጡ ታያለች፤ “ማን አባሯቸው ነው?” ትልና ወደ ስፌቷ ትመለሳለች።

አንድ ቀን የሜዳው አሰልጣኝ ወደ ሱቁ መጡ። ረጅም፣ ቀጭን፣ ጡረታ ወጥተውም ቤት መዋል ያልሆነላቸው ሰው ናቸው። የመለኪያ ሜትር ከአንገታቸው ስለማይለይ ሠልጣኞቻቸው “ጋሽ ሜትር” ይሏቸዋል። የመጡትም የምርኩዝ ዝላይ ማረፊያው ፍራሽ ጎኑ ተተርትሮ ስፖንጁ ስለወጣ ነበር።

“ምርኩዝ ዝላይ ደግሞ ምንድን ነው?” አለች ሶፋ ሰፊዋ።

“ረጅም ዘንግ ይዘሽ ትሮጫለሽ፤ ጫፉን መሬት ላይ ትተክይና በእሱ ተንጠልጥለሽ ከፍ ብሎ የተወጠረ ገመድ ትሻገሪያለሽ።”

“በሥሩ ቢታለፍስ?”

“ይቻላል” አሉ ጋሽ ሜትር ሳይስቁ። “ብቻ እሱን ለማየት የሚመጣ ሰው የለም።”

ፍራሹን እዚያው ሜዳው ላይ ዘጠኝ ቀን ሰፋችው። ሸራውን ደርባ፣ ማዕዘኖቹ ላይ ስፌቱን ሁለት ሁለት ጊዜ አስኬደች፤ ስትጨርስ ለሙሽራ የሚሆን ነገር የሠራች ያህል ኮራች። ጋሽ ሜትር ግን በፍራሹ ዙሪያ ተሽከረከሩ፣ በአውራ ጣታቸው ጫን ጫን አደረጉት፣ ከዚያም ሰው ወድቆበት ሳያዩ እንደማይረከቡ ተናገሩ። ሰዓቱ እኩለ ቀን ነው፤ ሜዳው ላይ ዝር የሚል የለም።

“የሰፋሁት እኔ፣ እኔው ልውደቅበታ” አለች ሶፋ ሰፊዋ።

ከፍራሹ አጠገብ ያለ ጠረጴዛ ላይ ወጣች፣ ጀርባዋን ሰጠች፣ ቀሚሷን በሁለት እጇ ጨብጣ ራሷን ለቀቀች። ያ ሁሉ ሰውነት፣ ሃያ አምስት ዓመት ቀጥ ብሎ የተቀመጠው ወገብ፣ ለአንድ አፍታ ምንም ሳይደግፈው ቀረ። ከዚያ ፍራሹ ተቀበላት። ሰማዩን እያየች ተኛች።

“ተጎዳሽ እንዴ?” አሉ ጋሽ ሜትር።

“ኧረ ምንም። አንዴ ልድገመው፤ በግራ በኩል ያለው ስፌት አላሳመነኝም።”

ምንም ላልሆነው ስፌት ስትል ስድስት ጊዜ ወደቀች። በመጨረሻ ፀጉሯን እያስተካከለች፣ “ሥልጠናው መቼ መቼ ነው?” ብላ ጠየቀች።

“ቅዳሜ ጠዋት። ልጅ አለሽ?”

“የለኝም።”

“ታዲያ ለማን ነው?”

ሶፋ ሰፊዋ ጎንበስ ብላ መርፌዋን፣ ክሯን፣ መቀሷን መሰብሰብ ጀመረች። “ፍራሹን እየመጣሁ ብከታተለው ብዬ ነው” አለች። ጋሽ ሜትርም እያወቁ ያላወቁ መስለው፣ “እንግዲያው ሱሪ ለብሰሽ ተከታተይው” አሏት።

ቤት ደርሳ እራት ላይ ለእናቷ ነገረቻቸው። እናቷ ዓምና ከበር አፍ ካሉት አራት ደረጃዎች ላይ ተንሸራተው ዳሌያቸውን ከተጎዱ ወዲህ በምርኩዝ ነው የሚሄዱት፤ ሶፋ ሰፊዋም ብቻቸውን ደረጃ እንዳይወርዱ ከልክላቸዋለች። ክልከላዋ ደግሞ የዋዛ አይደለም። ሱቅ ስትሄድ ለጎረቤት አደራ ትላለች፣ በቀን ሦስት ጊዜ ትደውላለች።

“ምርኩዝ?” አሉ እናቷ። “አንቺ መች አረጀሽና? ከቸኮልሽ የእኔን ውሰጂ።”

“የእነሱ አራት ሜትር ነው፣ እማዬ።”

“ይዘሽው ወጥተሽስ?”

“እወድቃለሁ።”

“ከስንት ደረጃ ያህል?”

ሶፋ ሰፊዋ ወደ ጣሪያው አየት አደረገች። “ስምንት ቢሆን ነው።”

እናቷ ማንኪያቸውን አስቀመጡ። “እኔ አራቱን በእግሬ እንዳልወርድ ተከልክዬ፣ አንቺ ስምንቱን በጀርባሽ ልትወርጂ?”

“እሱ እኮ ፍራሽ አለው።”

“ለእኔም አንጥፊልኛ” አሉና ማንኪያቸውን አነሱ።

ቅዳሜ ደረሰ። ሠልጣኞቹ ስድስት ሴት ልጆች ናቸው፤ ትልቋ አሥራ ስድስት ዓመቷ ነው። ሶፋ ሰፊዋ የወንድሟን አሮጌ ቱታ አጥፋ ለብሳ ሰባተኛ ሆና ተሰለፈች። ጋሽ ሜትር ፍራሹን በሩቅ እንኳ አላሳዩዋትም፤ ጀማሪ የሚጀምረው ከአሸዋ ነው። ዘንጉን አቁማ ቀኝ እጇ እስከ ደረሰበት ድረስ ከላይ ያዘች፣ ግራዋን በትከሻዋ ስፋት ያህል ዝቅ አድርጋ። ከዚያ በጎኗ ተሸክማ መራመድ። ከዚያ ቀና ብላ ሶምሶማ። ከዚያም የዘንጉን ጫፍ አሸዋው ላይ ስትተክል ሁለቱንም እጆቿን ከራሷ በላይ መዘርጋት፣ በግራ እግሯ መሬቱን ገፍታ መነሳት፣ የቀኝ ጉልበቷን ወደ ፊት ማንሳት።

“ቀኝ እጅ ከላይ፣ ግራ እግር ከታች” አሉ ጋሽ ሜትር። “ሌላውን እርሽው።”

እሷ ሌላውን ሁሉ አስታወሰች፤ የረሳችው ይችኑ ነው። ቀኝ እግሯ ሃያ አምስት ዓመት ሙሉ የስፌት መኪናውን ፔዳል ሲረግጥ የኖረ፣ የቤቱ አለቃ ነኝ የሚል እግር ነው። ግራውን ቀድሞ ሄዶ ይነሳል። በቀኝ እጅና በቀኝ እግር የተነሳ ሰው ደግሞ ዘንጉ ላይ ይጠመዘዛል እንጂ አያልፍም። ሶፋ ሰፊዋም ዘንጉን አንዴ ዞራው፣ ፊቷን ወደ መጣችበት አዙራ አሸዋው ላይ ቁጭ አለች።

ልጆቹ ከንፈራቸውን ነከሱ። ረጅሟ ልጅ ብቻ ቀረብ ብላ፣ “እትዬ፣ መሄጃው በዚያ በኩል ነው” አለቻት፤ በአክብሮት ነው ያለችው።

ሁለተኛውም ቅዳሜ እንዲሁ ሆነ። ሦስተኛውም። ጋሽ ሜትር አገጫቸውን እያሻሹ፣ “እግርሽ እኮ ሥልጣን አልለቅም ብሏል” አሏት። ሶፋ ሰፊዋ ሳቀች፤ ቤቷ ስትገባ ግን አልሳቀችም። ስፌት መኪና ላይ ከተቀመጠችበት ከመጀመሪያው ዓመት ወዲህ አንድ ነገር እንዲህ እምቢ ብሏት አያውቅም። በዚያ ሌሊት እንቅልፍ እስኪወስዳት ድረስ የእግር ጣቶቿን እያንቀሳቀሰች ቀኝና ግራ ስትል ቆየች።

ሰኞ ጠዋት ፔዳሉን በግራ እግሯ ረገጠች።

ወንድሟ ከቀትር በኋላ የወንበር ልብስ አንስቶ ወደ ብርሃን ያዘው። “ይሄ ምንድን ነው?”

“ስፌት ነዋ።”

“ስፌትነቱንማ አየሁት። ወዴት እየሄደ ነው የምልሽ።”

እውነትም ስፌቱ ከአንዱ ጠርዝ ተነስቶ፣ መንገድ የጠፋው ይመስል ሲዞር ሲዞር ወደ ሌላው ጠርዝ ሳይደርስ ቀርቷል። ተረተረችው፣ እንደገና ሰፋችው፣ እንደገና ተረተረችው። ወንድሟ ደንበኛ በመጣ ቁጥር “እህቴ ዛሬ በግራዋ ነው የተነሳችው” እያለ ሳምንቱን አሟሟቀ። በሁለተኛው ሳምንት መጨረሻ ግን ስፌቱ ቀጥ አለ፤ ወንድሟም መዶሻውን ፈለገ።

በአምስተኛው ቅዳሜ ግራ እግሯ ሰዓቱን ጠብቆ ደረሰ። ዘንጉ ተተከለ፣ እጆቿ ተዘረጉ፣ መሬቱ ከእግሯ ሥር ሸሸ። ዘንጉን በግራዋ ትታ በጎኑ ተንሳፍፋ አለፈችና አሸዋው ላይ በሁለት እግሯ ቆመች፤ ያውም ወደ ፊት እያየች። ልጆቹ አጨበጨቡ። ጋሽ ሜትር፣ “ደህና ነው፤ በሚቀጥለው ዓይንሽን ገልጠሽ ሞክሪው” አሏትና ከአሸዋ ወደ ፍራሽ እንደምትሸጋገር ነገሯት።

በቀጣዩ ቅዳሜ ጠዋት እናቷን ነጠላ ጫማቸውን አድርገው በር ላይ ቆመው አገኘቻቸው። ማየት አለብኝ አሉ። ሶፋ ሰፊዋ ክርናቸውን ልትይዝ እጇን ዘረጋች።

“ልቀቂኝ” አሉ እናቷ። “አንቺ ስትዘይ ማን ይይዝሻል?”

“ማንም።”

“እንግዲያው።”

ሶፋ ሰፊዋ ፈጠን ብላ ወርዳ ከታች ቆመች፣ ሁለት እጇን ዘርግታ። “እጅሽን አውርጂ” አሉ እናቷ፤ “ዶሮ የምታባርሪ ትመስያለሽ።” እጆቿን ወደ ኋላ አጣምራ ራሷን በራሷ ያዘች። እናቷ ምርኩዛቸውን አስቀደሙ፣ አንድ እግር አስከተሉ፣ ሌላውን ጨመሩ። አንድ። ሁለት። ሦስተኛው ላይ ጉልበታቸው ሲርድ አየች፤ ጥፍሮቿ መዳፏ ውስጥ ገቡ። እናቷ ጥቂት ቆሙ፣ ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ፣ አራተኛውን ወረዱ። አብረው እስከ መንገዱ መታጠፊያ ሄዱ።

“ጉልበቴ ተንቀጠቀጠ” አሉ እናቷ።

“የእኔም” አለች።

ሜዳው ላይ እናቷ ከጋሽ ሜትር ጎን አግዳሚ ወንበር ላይ ተሰየሙ። ከፍራሹ ፊት ልጆቹ የላስቲክ ገመድ ወጠሩ፤ አንድ ሜትር ከስልሳ። ሶፋ ሰፊዋ በመጀመሪያው ሙከራ ሮጣ ሮጣ፣ ሳትነሳ ጎንበስ ብላ በገመዱ ሥር አለፈች።

“ይሄ ይቆጠራል?” ብለው ጠየቁ እናቷ።

“እኔም አንዴ ተጠይቄ ነበር” አሉ ጋሽ ሜትር። “አይቆጠርም።”

በሁለተኛው ገመዱን በዳሌዋ ወሰደችው። ለሦስተኛው ወደ መነሻዋ ስትመለስ ወደ እናቷ አላየችም፤ ካየቻቸው ፈገግ እንደሚሉ፣ ፈገግ ካሉ እንደምትስቅ ታውቃለች። ዘንጉን አነሳች። ስምንት እርምጃ። በመጨረሻው ግራ እግሯ መሬቱን መታ፣ ቀኝ ጉልበቷ ተነሳ፣ ዘንጉ ከፍራሹ ፊት ባለው መትከያ ጎድጓዳ ውስጥ ገብቶ ቀጥ ሲል እሷን ይዟት ተነሳ። ዓይኗን አልጨፈነችም። ገመዱ ከሥሯ፣ ቀጭን ሆኖ፣ ሳይነቃነቅ ሲያልፍ አየችው። ዘንጉን ወደ ኋላ ገፋ አድርጋ ለቀቀችው፤ በጀርባዋ አረፈች።

እየሳቀች ይሁን እያለቀሰች ለራሷም ሳይገባት እዚያው እንደተጋደመች፣ ከወንበሩ በኩል የሁለቱን ድምፅ ሰማች።

“አለፈች?”

“አለፈች።”

“ስንት ነው?”

“አንድ ሜትር ከስልሳ።”

“ትንሽ አይጨምሩላትም?”

“እትዬ፣ ሜትር እኮ ነው።”

ጋሽ ሜትር ያልጨመሩትን እናቷ ጨመሩ። ወደ ቤት ሲመለሱ ለባለሱቁ ሁለት ሜትር አሉት፤ ለጎረቤት ሁለት ተኩል። ሶፋ ሰፊዋ አንዴ ልታርማቸው አፏን ከፍታ ነበር፤ የእናቷን ፊት አየችና ተወችው።

ሰኞ ወንድሟ ፀጉሩን ተስተካክሎ ገብቶ ተቀመጠ። መዶሻውን እያነሳ፣ “አውቶቡስ ዘለልሽ አሉ” አላት።

“ማን አለ?”

“ፀጉር አስተካካዩ።”

“ትንሹን ነው ትልቁን?”

“ትልቁን።”

“ትልቁ እንኳ ገና ነው” አለች፣ ክሩን በጥርሷ እየበጠሰች።