የግራ እግርና የኋላ ጎማ

ሰፈርተኛው «ወይዘሮ ፔዳል» ይላታል። ፊት ለፊት እንዲህ ብሎ የሚጠራት ግን ባሏ ብቻ ነው፤ አውቶቡስ ነጂ ስለሆነ ሁለት ጎማ ያለውን ነገር ሁሉ ይንቃል። እሷ እንደሆነች ሃምሳን ልትደፍን ጥቂት ቢቀራትም፣ ዳሌዋ ከኮርቻው ግራና ቀኝ ቢተርፍም፣ ዳገት ላይ እንደ ፈላ ማንቆርቆሪያ ብታፏጭም፣ ብስክሌት ከመንዳት የሚያግዳት የለም። ከመንዳቷ የባሰው ደግሞ ስለ መንዳት ማውራቷ ነው።

ዋናው ስብከቷ ስለ ልብስ ነው። አንዴ የስፖርት ልብስ ሱቅ ገብታ፣ እንደ ክብሪት እንጨት የቀጠነች ሻጭ ከላይ እስከ ታች አይታት፣ «የእርስዎን ልክ አንይዝም» አለቻት። ከዚያን ቀን ወዲህ ያገኘችውን ሁሉ አቁማ፣ «ልብስ ነው ወደ ሰው የሚመጣው እንጂ ሰው ወደ ልብስ አይሄድም!» ትላለች። ለወፍራሙም፣ ለቀጭኑም፣ ለነፍሰ ጡሯም፣ ለሚያነክሰውም። ሰሚው «እውነት ነው» ብሎ ሊያልፍ ሲል እጅጌውን ትይዘዋለች።

የታላቅ እህቷ ነገር ሲነሳ ግን ወሬው ያጥርባታል። ብስክሌት ያስተማረቻት እሷ ናት፤ ኮርቻውን ከኋላ ይዛ እየሮጠች። ክፉኛ ታማ ከዳነች ወዲህ ግን ግራ እግሯ አብጦ የቀኙን እጥፍ አክሎ ቀረ። መሬት የሚጠርግ ቀሚስ ለብሳ ከቤት ሥራ፣ ከሥራ ቤት ሆነች። ብስክሌቷም የኋላ ጎማው ቁም ሣጥን ወድቆበት እንደ ደረቀ ቅጠል ተጠቅልሎ፣ ግድግዳ ተደግፎ ቀረ።

«እትዬ፣ ውጪ እንጂ!» ስትላት፣ ስትላት፣ በመጨረሻ እህትየው ተሸነፈች።

«እሺ። እሁድ ጠዋት አብረውሽ ብስክሌት ከሚነዱት ሴቶች ጋር እወጣለሁ። በራሴ ብስክሌት፣ ግራ እግሬ በሚገባበት ሱሪ። ካልሆነ ግን ‹እትዬ ውጪ› የሚለውን ዘፈን ሁለተኛ እንዳልሰማ።»

«ሱሪውንም ጎማውንም በገዛ እጄ!» አለች ወይዘሮ ፔዳል ደረቷን ነፍታ።

«አንቺ ሴትዮ፣» አለ ባሏ፣ «አምፖል የምቀይርልሽ እኔ አይደለሁም?»

«የምታቃጥለውም አንተ ነህ።»

ሱሪው አላስቸገራትም። እህቷን አቁማ ሜትሩን በሁለቱም እግር ላይ ለየብቻ አዞረች። «እስከ ዛሬ የሰፉልሽ ሁሉ አንዱን እግር ለክተው ሁለት ጊዜ የሚቆርጡ ሰነፎች ናቸው። የሰው ሁለት እግር እኩል ነው ያለው ማነው?» የግራውን ሰፋ፣ የቀኙን ጠበብ አደረገችው፤ ወገቡ ላይ የማይነክስ ሰፊ ላስቲክ አስገባች። እህትየው ለብሳው መስታወት ፊት ብዙ ቆመች። ከዚያ እጇን ቀስ አድርጋ ከተተችና «ኪስም አለው» አለች።

ይህች አንዲት ቃል ወይዘሮ ፔዳልን አሰከረቻት። በማግስቱ ጎሚስታው ዘንድ ሄዳ ለጎማው አዲስ ቸርኬና እሱን የሚወጥሩ ሽቦዎች ጠየቀች። ሰውየው እጁን እየጠረገ፣ «እናቴ፣ የኋላ ጎማ ከሆነ ግን...» ብሎ ጀመረ።

«ግን የሚባል ነገር አላውቅም! ሽቦውን ሁሉ አንድ ልክ አድርገህ ስጠኝ። እኩል ካልሆነ ጎማ ይሽከረከራል?»

ጎሚስታው አያት፤ ሰጣት። ሞኝና ወረቀት የያዘውን አይለቅም።

ቤት ገብታ ወንበር ገለበጠች፤ እግሮቹን በመጋዝ ፈልፍላ ጎማውን አስቀመጠችበት። ባሏ ራቱን ቆሞ በላ። ሽቦዎቹን ከአሮጌው ጎማ እምብርት ወደ ቸርኬው አንድ በአንድ ወጠረች፤ እርሳስ ወንበሩ ላይ አስራ፣ ጎማው እርሳሱን በነካ ቁጥር ያንዱን ዳዶ አላላች፣ የሌላውን አጠበቀች። ጣቷ ተላጠ፤ ሽቦ አፍንጫዋን ገረፋት። በመጨረሻ ጎማው ያለ ምንም መወላገድ ውልብልብ አለ። እሷም አብራው ልትሽከረከር ምንም አልቀራት።

«ብስክሌቱ ላይ አስገብተሽ አትሞክሪውም?» አላት ባሏ።

«ሙሽራ ከሰርጓ በፊት አትታይም።»

እሁድ ጠዋት እህትየው ሱሪውን ለብሳ፣ በላዩ ቀሚሷን ደርባ መጣች። ውጭ ሴቶቹ ደወላቸውን እያቃጨሉ ይጠብቃሉ። ቀሚሱን አውልቃ ወንበር ላይ ጣለችው። ወይዘሮ ፔዳል እንደ ሐኪም እጅጌዋን ሰብስባ ጎማውን አስገባች፤ አጠበቀች፤ አሽከረከረች።

ጭርርርር።

ጎማው በግራ በኩል የብስክሌቱን ብረት ይፍቃል። አወጣችው፤ መልሳ አስገባችው። ጭርርርር።

«ብስክሌቱ ነው የተጣመመው!» አለች።

«ልክ ነሽ፣» አለ ባሏ ሻዩን እየማገ፣ «ሲሠሩት ወይዘሮ ፔዳልን አላማከሩም።»

እህትየው በርከክ ብላ ከኋላ ትክ ብላ አየችው። «ነይ እስቲ እዪ። በቀኝ በኩል ካቴናው የሚዞርባቸው ጥርሶች ቦታ ይዘዋል። ጎማው መሃል እንዲቆም የቀኞቹ ሽቦዎች ከግራዎቹ ማጠር ነበረባቸው። ሁሉንም አንድ ልክ ነው የገዛሽው?»

ወይዘሮ ፔዳል ጎንበስ ብላ የቀኙንና የግራውን ሽቦ በጣቷ ለካች።

«ለእኔ እግር ሁለት ጊዜ ለክተሽ፣ ለጎማው አንዴ?» እህትየው ይህን ብላ መሬት ላይ ቁጭ አለችና ሳቀች። ሆዷን ይዛ፣ እንባዋ እስኪወርድ። ከሕመሟ ወዲህ እንዲህ ስትስቅ አልተሰማችም። ወይዘሮ ፔዳል ልትቆጣ ነበር፤ ግን ስብከቷ ሁሉ ትዝ አላት፤ ሜትሩን ይዛ ስትዘባነን፣ ጎሚስታውን ስታቋርጥ። ሰነፍ ልብስ ሰፊ ስትል የከረመችው ስለ ራሷ ኖሯል።

ሳቁ አለቀ። እህትየው ተነስታ አቧራዋን አራገፈችና ወደ በሩ አየች። ከዚያ እጇን ወደ ቀሚሷ ሰደደች። «በቃ፣ አንድ ሌላ እሁድ...»

ሌላ እሁድ እንደሌለ ወይዘሮ ፔዳል ታውቃለች። ቀሚሱን ቀድማ አነሳችና ለባሏ ወረወረችለት። ከዚያ የራሷን ብስክሌት ገለበጠችው፤ በየማታው በጨርቅ የምትወለውለውን፣ ሰው እንዲነካው የማትፈቅደውን። የኋላ ጎማውን ፈትታ በእህቷ ብስክሌት ላይ አስገባችው። ብስክሌቶቹም ከአንድ ፋብሪካ የወጡ እህትማማቾች ነበሩና ልክክ አለ። አሽከረከረችው። ድምፅ የለም።

«አንቺስ?» አለች እህትየው።

«ኮርቻዬን ይዘሽ ስትሮጪልኝ ‹አንቺስ?› ብዬሽ ነበር? ውጪ!»

እህትየው ወጣች። መጀመሪያ ተንገዳገደች፤ ወይዘሮ ፔዳል ኮርቻውን ከኋላ ይዛ፣ እያለከለከች፣ ሴቶቹ እስኪቀበሏት ሮጠች። ከዚያ ለቀቀች። ሰፊው የግራ ሱሪና ጠባቡ የቀኝ ሱሪ እኩል ይወጣሉ፣ እኩል ይወርዳሉ።

መታጠፊያው ላይ እህትየው ዞራ፣ «ፔዳል! ምነው ቀረሽ?» ብላ ጮኸች። ሴቶቹ በሳቅ ፈነዱ። ሰፈሩም ሰማ።

ወይዘሮ ፔዳል የሠራችውን ጎማ ትከሻዋ ላይ አንግታ፣ ዳሌዋን በሚያሳብቅ የብስክሌት ቁምጣ መንገዱን አቋርጣ ጎሚስታው ደጃፍ ቆመች። ሰውየው ጎማውን አየ፤ እሷን አየ፤ ፈገግታውን በጢሙ ውስጥ ደበቀ።

ጎማውን እግሩ ሥር አስቀመጠች።

«ያን ቀን ‹ግን› ብለህ ነበር፣» አለችው። «እስቲ ጨርሰው።»