ባዶው አገልግል

«እዚህ ቤት የሚበላ ጠፋ ቢሉኝ አላምንም ነበር» አለ ጸሐፊው ወልደሥላሴ፣ ከጎኑ ለተቀመጠው ሾፌር። ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ገብረወልድ ግን ሰማ።

ሚስቱ አሸቱ ከተቀበረች ሦስተኛ ቀኗ ነው። ከነጌሌ ዳር፣ በሻኪሶ መንገድ ላይ ያለው ምግብ ቤቷ በለቀስተኛ ሞልቷል። ሐዘን ቤት ድስት እንደማይጣድ፣ ጎረቤት አብስሎ እንደሚያመጣ ሁሉም ያውቃል። ይኼ ግን ምግብ ቤት ነው፤ ምን ይጎድለዋል ብለው ሁሉም እጃቸውን እያወዛወዙ መጡ። መጥተውም ወደ ጓዳ ያያሉ።

የወልደሥላሴ እናት ያረፉ ጊዜ አሸቱ ገና ጎህ ሲቀድ ሽሮውን በድስት፣ እንጀራውን በሞሶብ ይዛ ዳገቱን ወጣች። ሰባት ቀን ተመላለሰች።

«ገበያው ተዘጋ እኮ» አላት ገብረወልድ።

«ሾፌር ሌላ ቤት ያገኛል። ሐዘንተኛ የት ሄዶ ይብላ?»

ድስቱ ከባድ ነበር። ገብረወልድ አንድ ቀን እንኳ ተቀብሎ አላገዛትም። ይኼ ትዝ ሲለው ንዴቱ ባሰበት።

ወልደሥላሴ ሊሄድ ተነሥቶ ጠጋ አለው። ከሾፌሮች ጋር ተቀምጦ መብላት ስለማይወድ፣ መንገድ ሲኖርበት አገልግሉን በዋዜማው እዚህ ሰቅሎ ይሄዳል፤ አሸቱ ስንቁን ሞልታ ትጠብቀው ነበር።

«ጋሼ ገብረወልድ፣ እግዜር ያጥናዎት። ነገ ያቤሎ እወርዳለሁ። አገልግሌ እዚሁ ነች፤ ፍርፍርም ቢሆን...»

«ማን ይሥራው?»

«መቼም ሰው አይጠፋም።»

«እናትዎ ያረፉ ጊዜ ምን በሉ?»

ጸሐፊው አሰበ። «ሽሮ መሰለኝ። ጥሩ ሽሮ ነበር።»

«ማን አመጣው?»

ገብረወልድ አገልግሉን ከግድግዳው አወረደ። ከፈተውና በሰው ሁሉ ፊት ወደ ታች ደፋው። ምንም አልወደቀም።

«ይኸው» ብሎ ሰጠው።

ጸሐፊው ባዶውን አገልግል ታቅፎ ሲወጣ ዲንኪቱ በር ላይ አሳለፈችው። ለአሸቱ ቅቤ የምታመጣ የቦረና ሴት ናት፤ ከብቶቹ ርቀው ስለነበር መርዶውን የሰማችው ዛሬ ነው። ወተት የሞላ ጮጮ ከገብረወልድ ፊት አኖረች።

«ናጋ፣ ሰላም ይሁን፣ አባ። አንቱ ይጠጡ። አሸቱ ቅቤውን ሳታይ በፊት ‹በላሽ ወይ?› ነበር የምትለኝ። አሁን አንቱን ማን ይላል?»

ጠጣ። ከቀብሩ ወዲህ በአፉ የዞረ ነገር ይኼ ነው። ጮጮውን ሊመልስላት እጁን ዘረጋና መልሶ ሰበሰበው። አሸቱ የሰው ዕቃ ባዶውን መልሳ አታውቅም።

ጓዳ ገባ። አሸቱ በእጇ ካዘጋጀችው የሽሮ ዱቄት ከቅሉ ግርጌ አንድ እፍኝ ቀርቷል። ሁሉንም ጠራርጎ ለዲንኪቱ በአሸቱ ነጠላ ቁራጭ ቋጠረው። እሷ ስትቋጥር አይፈታም ነበር፤ የእሱ ላላ። ፈትቶ እንደገና ቋጠረው።